ለቤት የሚሆን ባለ ቧንቧ የመጠጥ ዕቃ ስለመምረጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ መጋቢትና ሚያዝያን ያሳለፈ ሰው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ በእጁ ቅርብ መኖሩ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ያውቀዋል። የእኛ ግቢ ሽምብጥ ነው። ባለፉት ዓመታት አንድ ባለ 8 ሊትር የብርጭቆ፣ አንድ የፕላስቲክ፣ አንድ የስቴንለስ እና አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ በቤታችን አልፈዋል። ማህበር፣ ክርስትና ወይም ዝክር ሲኖር ጎረቤት እየተዋሰ ይወስዳቸዋል፤ ሲመልሱልኝም ጥያቄው አብሮ ይመጣል። «ይሄን ከየት ገዛሽው? አያንጠባጥብም? ተልባ ይወርድበታል?» እያሉ የሚጠይቁኝን ሁሉ እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

«ዲስፔንሰር» ሲባል የትኛው ነው?

በገበያ ላይ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በዚህ ስም ይጠራሉ። አንዱ ከታች ቧንቧ የተገጠመለት፣ ክዳን ያለው፣ ጁስ፣ ብርዝ ወይም ውሃ ተሞልቶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ መብራት አይፈልግም። ሌላው ባለ 20 ሊትር የውሃ ጠርሙስ አናቱ ላይ ተገልብጦ የሚገባበት፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ማሽን ነው። ከዚህ በታች የመጀመሪያውን «ባለ ቧንቧ ዕቃ»፣ ሁለተኛውን «የኤሌክትሪኩ» እያልኩ እሄዳለሁ። ሱቅ ሲሄዱም «ዲስፔንሰር አላችሁ?» ብቻ ካሉ ሌላ ነገር ሊያወጡልዎት ስለሚችሉ «ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ ባለ ቧንቧው» ብለው ይለዩ።

ጆግ እያለኝ ይህ ለምን ያስፈልገኛል?

ሁለት ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት ከሆነ ላያስፈልግዎት ይችላል። ክዳን ያለው ጆግ ይበቃል፤ ገንዘብዎን ለሌላ ያውሉት።

ልጆች ላሉበት ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በባልዲ ወይም በእንስራ ያስቀመጥነው ውሃ ሲቀዳ ጣሳው ይጠልቃል፣ ከጣሳው ጋር ደግሞ ጣት ይጠልቃል። ጠዋት አፍልተን ያቀዘቀዝነው ንጹሕ ውሃ እስከ ማታ ድረስ የስንት ሰው እጅ ይነካዋል። ባለ ቧንቧ ዕቃ ዋናው ጥቅሙ ይህን ማስቀረቱ ነው፦ ከላይ ተከድኖ ከታች ይቀዳል፣ ውሃው ውስጥ ምንም አይገባም። ብዙ ሰው ለግብዣ ማማሪያ ብሎ ይገዛዋል። እኔ ግን ለዕለት ውሃ ብቻ ቢሆን እንኳን እገዛዋለሁ። ልጆቼ እጃቸውን ሳይታጠቡ ከደጅ ሮጠው ገብተው ውሃ ሲቀዱ ስለማይ ነው ይህን የምለው።

ስገዛ ከሁሉ በፊት ምኑን ልይ?

ቧንቧውን። ብርጭቆው ያማረ ነው፣ ክዳኑ ያብረቀርቃል፣ ዓይን እዚያ ላይ ይቀራል። የሚያስለቅሰው ግን ቧንቧው ነው።

የመጀመሪያውን የብርጭቆ ዕቃ የገዛሁት ለፋሲካ ነበር። ቅዳሜ ማታ 8 ሊትር ብርዝ በጥብጬ ሞላሁት፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጥኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሌሊት ስመለስ ጠረጴዛው ሥር ማር የሸተተ ኩሬ ቆሟል፣ ጉንዳን ተሰልፏል። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ቧንቧው ከብርጭቆው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከጎሚኒው ሥር፣ አንዲት ጠብታ ቀስ እያለች ታብጣለች፣ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ትተካለች። ስቆጥር በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ነበረች። ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሲንጠባጠብ ምን ያህል ብርዝ እንደሚሄድ አስቡት። ሱቁ አልመለሰልኝም፤ «እኛ ጋ ሲወጣ ደህና ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልሞክር አልገዛም።

ሙከራው ቀላል ነው። ባለሱቁን በትሕትና ይጠይቁና ዕቃውን እስከ ግማሽ ድረስ ውሃ ያስሞሉት። ከቧንቧው ሥር ደረቅ ሶፍት ያንጥፉ። አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፤ እስከዚያ ሌላ ዕቃ ያስተያዩ። ሶፍቱ ላይ አንዲት የረጠበች ነጥብ ካለች ጎሚኒው ወይም ክሩ ችግር አለበት። ከዚያ ቧንቧውን ሃያ ጊዜ ያህል ከፍተው ይዝጉና እንደገና ይዩ፤ አንዳንዱ የሚያፈሰው ከተነካካ በኋላ ነው።

ቧንቧው ከምን እንደተሠራም ይመልከቱ። ብር ወይም ወርቅ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ነው። በጥፍር ቀስ ብለው ሲፍቁት ከተላጠ፣ ነገ የሚላጠው መጠጥዎ ውስጥ ነው። እንዲህ ካለው ይልቅ ያልተቀባ፣ ተራ ነጭ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ይሻላል። የስቴንለስ ቧንቧ ከተገኘ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያስወጣም አይቆጭም።

ሁለት ዓይነት የአከፋፈት ዘዴ አለ። አንደኛው የሚዞር ነው፤ ሁለተኛው በስፕሪንግ የሚሠራ፣ ሲጫኑት የሚፈስ፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ ያለማመንታት ሁለተኛውን ይውሰዱ። ልጅ አዙሮ ከፍቶ ኩባያውን ሞልቶ ወደ ጨዋታው ይሮጣል፤ ቧንቧው ክፍት ቀርቶ 8 ሊትር ውሃ ምንጣፍ ላይ ያልቃል።

ሌላ የሚረሳ ነገር ደግሞ ከፍታ ነው። ቧንቧው ከጠረጴዛው ቅርብ ከሆነ ብርጭቆ ከሥሩ አይገባም። መቆሚያ ያለው ይምረጡ፤ ወይም የቤትዎን ረጅሙን ብርጭቆ ይዘው ሄደው ይለኩ። እኔ መቆሚያ የሌለውን ገዝቼ ለዓመት ያህል በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እያስቀመጥኩ ስጠቀም ነበር፤ በየቀኑ እንዳይወድቅ ስሰጋ ነው የኖርኩት።

ብርጭቆ፣ ፕላስቲክ፣ ስቴንለስ ወይስ ሸክላ?

ብርጭቆ ጠረን አይዝም፣ ቀለም አይዝም፣ ውስጡ መቆሸሹ በዓይን ይታያል። ዛሬ ከርከዴ ነገ ውሃ ቢሞሉበት ውሃው ከርከዴ አይሸትም። ጉዳቱ ክብደቱ ነው። 8 ሊትር ውሃ ብቻውን 8 ኪሎ ነው፤ የብርጭቆው ክብደት ሲጨመር አንዲት ሴት ብቻዋን ከኩሽና ወደ ሳሎን የምትሸከመው አይደለም። ባዶውን ቦታው ላይ አስቀምጠው በጆግ እያመላለሱ ይሙሉት። ድንገተኛ ሙቀትም አይችልም፤ ከፍሪጅ እንደወጣ ሙቅ ነገር ቢገባበት ይሰነጠቃል።

ፕላስቲክ ቀላልና የማይሰበር ነው፤ ለልጆች ቤት ጥሩ ነው። ነገር ግን በሻካራ ስፖንጅ ሲታጠብ ይጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይቀመጣል፣ በብሩሽም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ከተጫረና ከደበዘዘ ይቀየር። ብርጭቆ የሚመስለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ አክሪሊክ የሚባለው ነው። እሱ ሙቅ ነገርን አይወድም፣ ጠንካራ አልኮልም ያሰነጣጥቀዋል፤ አረቄ እንዳይሞሉበት። ከታች በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ከተጻፈበት 5 ቁጥር ለምግብና ለመጠጥ የሚመረጥ ፕላስቲክ ነው።

ስቴንለስ ለዕለት ውሃ የኔ ምርጫ ነው። አይሰበርም፣ ፀሐይ አያስገባም፣ ለዓመታት ይቆያል። ውስጡ አለመታየቱ ብቻ ነው ችግሩ፤ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ መክፈት ያስፈልጋል። ሲገዙ ግን ስቴንለስ መሆኑን ያረጋግጡ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ የሆነ፣ ለጌጥ የተሠራ ዕቃ አለ። ውሃ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ከርከዴ ሲገባበት ኮምጣጣው ዚንኩን እያሟሟ መጠጡ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ይህ ሆድ ያማል፣ ያስመልሳል። ስቴንለስ ነው ተብሎ የተሸጠልዎት ዕቃ ውስጡ ግራጫና አበባ አበባ የሚመስል ከሆነ ዚንክ ነው ማለት ነው።

ሸክላን በተመለከተ እኔ ሸክላ እወዳለሁ። እናቶቻችን እንስራውን ጥግ አስቀምጠው ውሃውን ያቀዘቀዙት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያልተለበጠ ሸክላ ውሃ በጥቂቱ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ይህ በበጋ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን በደንብ ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ብዙም አይተንም፣ ብዙም አያቀዘቅዝም። ቧንቧ የተገጠመለት ሸክላ ካገኙ ለውሃ ብቻ ያውሉት። ጁስ ወይም ብርዝ ከገባበት ቀዳዳዎቹ ይጠጡታል፣ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢሞሉበትም ያ ጠረን አይለቅም። ባለ ቀለም ልባጥ ያለው ሸክላ ከሆነ ደግሞ ለምግብ መዋሉ በግልጽ ካልተጻፈ ለኮምጣጣ መጠጥ አይጠቀሙበት፤ አንዳንድ ልባጥ እርሳስ አለበት።

ስንት ሊትር ይበቃኛል?

ለግብዣ ከሆነ እንዲህ አስቡት፦ አንድ እንግዳ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ ብርጭቆ ሩብ ሊትር። 20 እንግዳ 10 ሊትር ማለት ነው። ግን አንድ ባለ 10 ሊትር ከመግዛት ሁለት ባለ 5 ሊትር ቢገዙ እመርጣለሁ፤ አንዱ ውሃ፣ አንዱ ብርዝ ወይም ጁስ ይይዛል። ለመሸከምም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለማስገባትም ይቀላል። በጾም የሚጾምና የማይጾም አንድ ላይ ሲቀመጥም ይጠቅማል።

ለአምስት ሰው ቤተሰብ የዕለት ውሃ 8 ሊትር አካባቢ ተስማሚ ነው። ከዚያ የበለጠ ውሃው ሳያልቅ ይውላል፣ ያድራል፤ ውሃ ደግሞ በየቀኑ ቢታደስ ይሻላል።

ተልባና ሱፍ ይወርድበታል?

ይህ ጥያቄ በዓቢይ ጾም በየሳምንቱ ይመጣብኛል፤ 55 ቀን ሙሉ፣ ያውም በሙቀቱ ወቅት፣ ሱፍና ተልባ የማይጠጣበት ቤት ጥቂት ነው።

ሱፍ በጥሩ ሁኔታ ከተጠለለ ይወርዳል። ጥሩ ወንፊት ወይም ነጠላ ጨርቅ ተጠቅመው ሁለት ጊዜ ያጥልሉት። ቢሆንም ሲቀመጥ ይዘቅጣል፤ ስለዚህ በረጅም የእንጨት ማንኪያ ከመቅዳት በፊት ማማሰል ያስፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ ክዳኑ ይከፈታል። ለግብዣ ይሆናል፣ ለቀን ሙሉ አቀማመጥ ግን አልመክረውም።

ተልባ ግን ሌላ ነው። ተልባ ውሃ ሲያገኝ ያ የምናውቀው ልጥጥ ያለ ነገር ይወጣዋል። ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ስፕሪንጉ ሥር ይቀመጥና ቧንቧው ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ማንጠባጠብ ይጀምራል። አንድ ጊዜ ተውሰውኝ ተልባ ሞልተውበት የመለሱልኝን ቧንቧ ፈትቼ ሳጸዳ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ተልባ በጆግ ይቅረብ። የአቮካዶ ጁስም እንደዚሁ፤ በማንኪያ የሚበላውን ነገር በቧንቧ ማስወረድ ትርፉ ድካም ነው። ማንጎ በደንብ ቀጥኖና ተጠልሎ ከሆነ ይወርዳል።

ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ የተፈጠሩ የሚመስሉት ብርዝ፣ ከርከዴ፣ የሎሚ ውሃ በናና፣ ቀዝቃዛ የዝንጅብል ሻይ ናቸው። ሎሚውን ቆራርጠው ሲጨምሩ ዘሩን ያውጡ፤ አንዲት የሎሚ ዘር ቧንቧ ውስጥ ገብታ ግብዣ ታስቆማለች።

ጠላና ጠጅስ?

የበሰለና የተጠለለ ጠጅ ለግብዣው ሰዓት ብቻ ቢቀርብበት ችግር የለውም። የቧንቧው ቀዳዳ ከታችኛው ወለል ጥቂት ከፍ ያለ ዕቃ ከሆነ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ አምቡላው ከታች ይቀራል፣ ጥሩው ይቀዳል። ጠላም ከአተላው በደንብ ከተለየ በኋላ እንደዚያው።

ነገር ግን በዚህ ዕቃ ውስጥ ጠላ ወይም ጠጅ መጥመቅ አይገባም። የሚፈላ መጠጥ ጋዝ ያወጣል። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ጋዙ መውጫ አጥቶ ብርጭቆውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ ወይም ደግሞ ጎሚኒውን እየገፋ ማፍሰስ ያስጀምራል። ለጥንስስ ጋን አለ። ያልበሰለ ብርዝም በሙቀት ሁለት ቀን ካደረ መፍላት እንደሚጀምር አይርሱ።

ትኩስ ሻይ ልሙላበት?

አይሆንም። ለትኩስ የሚሆነው ባለ ሁለት ግድግዳ ስቴንለስ ወይም ትልቅ ባለ ቧንቧ ፔርሙዝ ነው።

ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ እንዴት ላቀዝቅዘው?

መጠጡን ቀድመው በጆግና በጠርሙስ አቀዝቅዘው እንግዳ ሲቃረብ ይሙሉት። ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

በረዶ ከሆነ የታሰበው፣ ምን ያህል እንደሚፈጅ ይወቁት። 5 ሊትር በ25 ዲግሪ ያለ ውሃ ወደ 10 ዲግሪ ለማውረድ 1 ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው በረዶ ያስፈልጋል፤ ያ ሁሉ ሲቀልጥ ብርዝዎ በአምስት ላይ አንድ ውሃ ተጨመረበት ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ትንንሽ የውሃ ጠርሙሶች ከውጭ በደንብ አጥቤ፣ ሦስት አራተኛቸውን ውሃ ሞልቼ፣ ከድኜ ፍሪዘር ውስጥ አሳድራለሁ፤ ከዚያ ከነክዳናቸው መጠጡ ውስጥ እጨምራቸዋለሁ። ያቀዘቅዛሉ፣ አያቀጥኑም። ጠርሙሱን እስከ አፉ አይሙሉት፤ ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋልና ይሰነጥቀዋል።

በቀጥታ የሚጨመር በረዶ ከሆነ ግን ከምን ውሃ እንደተሠራ ይጠይቁ። በረዶ መሆኑ ተውሳክን አይገድልም።

ዕቃው ውሃውን ያጣራል? የጣናን ውሃስ?

አያጣራም፤ ቧንቧ ብቻ ነው ያለው። የገባው ነው የሚወጣው። ማጣሪያ ያለው ዕቃ ከሆነ ውስጡ የሚቀየር ማጣሪያ አለ፣ ሻጩም የሚቀየርበትን ጊዜ ሊነግርዎት ይገባል።

የሐይቁን ውሃ፣ እንዲሁም ከዓባይ የተቀዳውን፣ ሳይታከም እንዳይጠጡ። ጥርት ብሎ ቢታይም ተውሳክ አለበት። ማፍላት አስተማማኙ መንገድ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ቢሆን ተንፈቅፍቆ ለ1 ደቂቃ ከፈላ ይበቃል። ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ዘመድ ያላችሁ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆኑ 3 ደቂቃ በሏቸው። የፈላውን ውሃ በራሱ ድስት ውስጥ ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ዕቃው ውስጥ ይገልብጡት።

ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) የሚጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ፣ 30 ደቂቃም ይጠብቁ። ለዚህ ባለ 20 ሊትር ባለ ቧንቧ ባልዲ ያመቻል፤ መጠኑን ለማስላት አያስቸግርም።

የኤሌክትሪኩን ልግዛ ወይ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለ ቦታው ስለሚያወጣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በቅድሚያ ለምን እንደፈለጉት ራስዎን ይጠይቁ። ለቡና ከሆነ አያስፈልግም፤ ቡናችን በጀበና ነው የሚፈላው። ለሻይ ፔርሙዝ አለ። ለቀዝቃዛ ውሃ ፍሪጅ ያለው ሰው ጠርሙስ ይበቃዋል። የሚጠቅመው ሕፃን ወይም ታማሚ ላለበት፣ ሙቅ ውሃ ሌሊት ለሚፈለግበት፣ ወይም ሰው ሲገባ ሲወጣ ለሚውልበት ቤት ነው።

ለመግዛት ከወሰኑ ትልቁ ልዩነት ያለው በማቀዝቀዣው ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር አለው፤ ሁለተኛው በትንሽ የኤሌክትሪክ ሳህንና በማራገቢያ ነው የሚያቀዘቅዘው። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ክፍሉ ሲሞቅ እሱም ይደክማል። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ ከሁሉ ይበልጥ በምንፈልገው ሰዓት፣ የሚሰጠን ለብ ከማለት ትንሽ የቀነሰ ውሃ ነው። ለባሕር ዳር ኮምፕረሰር ያለውን ይፈልጉ። መለየቱ ከባድ አይደለም፦ ጀርባው ላይ የፍሪጅ ጀርባ የሚመስል ጥቁር የብረት መረብ አለ፣ ከታች ክብ ጥቁር ሞተር አለ፣ መለያው ላይም አር134ኤ ወይም አር600ኤ የሚል የጋዝ ስም ይጻፋል። ማራገቢያና ቀዳዳ ብቻ ካለው ያኛው ነው።

ማሞቂያው ብዙ ጊዜ 500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ማቀዝቀዣው ደግሞ 100 ዋት ገደማ። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ከዋለ ማንም ሳይቀዳበትም ውሃውን ደጋግሞ ያሞቃል፤ ይህ በወሩ ሒሳብ ላይ ይታያል። የሙቁ ማብሪያ ለብቻው የሆነውን ይምረጡ፣ ማታ ያጥፉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አያብሩት፤ ነቅለው አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ኮምፕረሰር ግፊቱ ሳይረጋጋ ሲነሳ ይጎዳል፣ የመጀመሪያው ደቂቃ መብራትም ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። 220 ቮልቱ የማይረጋጋበት ሰፈር ከሆኑ ስታቢላይዘር ይግዙለት፤ አቅሙ ማሞቂያውንም ማቀዝቀዣውንም ባንድ ላይ የሚችል ይሁን።

ማሞቂያውን ውሃ ከሙቁ ቧንቧ ሳይወርድ በፊት ፈጽሞ አያብሩ። ጠርሙሱን ከገጠሙ በኋላ የሙቁን ቧንቧ ይክፈቱት፣ ውሃ መፍሰስ ሲጀምር ማሞቂያው በውሃ ተሞልቷል፣ ያኔ ያብሩ። በባዶው የበራ ማሞቂያ ይቃጠላል፤ እንዲህ የተበላሸ አይቻለሁ። ሙቁ ቧንቧ የልጅ መከላከያ ቁልፍ ያለው መሆኑንም ይዩ።

ባለ 20 ሊትር የሚባለው ጠርሙስ በትክክል 19 ሊትር ያህል ስለሚይዝ ከነክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ነው። አንስቶ የሚገለብጥ ወጣት ቤት ውስጥ ከሌለ ጠርሙሱ ከታች የሚገባበትን ዓይነት ያስቡ። እሱ ግን በፓምፕ ስለሚሠራ መብራት ሲጠፋ ተራ ውሃም አይሰጥም። እናቴ ጋ ከላይ የሚጫነውን ነው ያስገባነው፤ ሲያልቅ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ያነሳላቸዋል፣ መብራት ቢጠፋም ውሃው አይቋረጥባቸውም።

እንዴትና በየስንት ጊዜው ይጸዳል?

ለውሃ ብቻ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፤ ስኳር ወይም ማር ያለው መጠጥ ከሆነ በተጠቀሙ ቁጥር፣ እዚያው ማታውን።

ዕቃውን ማጠብ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ቧንቧው ነው። ከውስጥ በኩል ዳዶውን በእጅ ይፍቱ፣ ቧንቧውን ያውጡ፣ ሁለቱን ጎሚኒዎች ለይተው ያስቀምጡ፤ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ነው የሚገባው። ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉና በጠባብ ብሩሽ ውስጡን ያሹት። በጣት ሲነኩት ሙልጭልጭ የሚል ነገር ካለ የተውሳክ መኖሪያ ነው፣ እስኪጠፋ ይሹት። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ሽታ የሌለው በረኪና ጨምረው ዕቃውንም ቧንቧውንም ያስነኩት፣ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ይድረቅ። ስቴንለስ ላይ በረኪና አያሳድሩ፤ ነጥብ ነጥብ እያለ ይበላዋል።

ነጭ ዝቃጭ የያዘውን አቼቶ ያስለቅቀዋል። ግን አቼቶና በረኪና በአንድ ላይ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። አንዱን ጨርሰው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ሌላውን በሌላ ቀን ያድርጉት።

የት ላስቀምጠው?

ፀሐይ በማይነካው ቦታ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ አረንጓዴ ነገር ያበቅላል። ጥር ላይ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ወርደው ሲመለሱ እኛ በራችን ላይ ለመንገደኛው ውሃ እናወጣለን፤ ያን ቀን ዕቃው ላይ ነጭ ነጠላ እናለብሰዋለን፣ ፀሐይንም ይከላከላል፣ ዓይንም ደስ ያሰኛል። ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ይሁን።

በጀልባ ዘጌ ስንሄድ ይዘነው መሄድ እንችላለን?

የብርጭቆውን አይውሰዱ። ግድግዳው ወፍራም የሆነ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ባለ ቧንቧ የፕላስቲክ ኩለር ነው ለጀልባ የሚሆነው። ቧንቧው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ይሁን፤ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ሲጭኑና ሲያወርዱ ይጋጫል፣ ይሰበራል። ክዳኑን ከላይ በገመድ ይሰሩት።

ሞልቶ ሳለ ውሃው መውረድ ያቆማል፤ ተደፍኖ ነው?

መጀመሪያ ክዳኑን ትንሽ ከፈት ያድርጉት። ወዲያው ከወረደ አልተደፈነም፤ አየር ነው ያጣው። ውሃው በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ከሌለ ላላ አድርገው ይክደኑት። ተከፍቶም ካልወረደ ያኔ ቧንቧውን ይፍቱት።

ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ቧንቧውም ተሰብሯል። ዕቃው ይጣል?

አይጣልም። ማንጠባጠቡ ከብርጭቆው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ከሆነ ባዶ አድርገው ይፍቱት፣ ጎሚኒው ተጣሞ ወይም ደርቆ እንደሆነ ይዩ፤ የደረቀውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢያቆዩት ይለሰልሳል። ሲመልሱት ከውጭ ቧንቧውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ከውስጥ ዳዶውን በእጅ ያጥብቁ። ፒንሳ አይጠቀሙ፤ ብርጭቆው ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ማንጠባጠቡ ከቧንቧው አፍ ከሆነ ግን ስፕሪንጉ ወይም የውስጡ ጎሚኒ አልቋል፣ ቧንቧው በሙሉ ይቀየር።

አዲስ ለመግዛት የድሮውን ቧንቧ ከነዳዶውና ከነጎሚኒዎቹ በፌስታል ይዘው ወደ ቅዳሜ ገበያ ወይም የቧንቧ ዕቃ ወደሚሸጡ ሱቆች ይሂዱ። የብዙዎቹ ዕቃዎች ቀዳዳ 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ግን ሁሉም አይደሉምና የራስዎን በማስመሪያ ለክተው ወረቀት ላይ ይጻፉት። ለመጠጥ የማይሆን፣ ለአትክልት ውሃ ማጠጫ የተሠራ ቧንቧም ልክ ሆኖ ሊገጥም ስለሚችል «ለምግብ ዕቃ የሚሆን ነው የምፈልገው» ብለው ለይተው ይጠይቁ።